ከክፍልሽ የወጣው እንጨት

ሸሕዲ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለታንጉ
አሰብ

የኔ ዓለም፣ የአሰብ ሙቀት አንቺንም ልጅሽንም እንደምን ይዟችኋል? ብለሽ ብለሽ ከቆላ ወጥተሽ ቆላ ገባሽ! እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ሰላምታውን ሳላስረዝም ዋናውን ልንገርሽ፦ ነይ። ክፍልሽ አለ። ይህንንም የምጽፍልሽ እዚያው፣ በገዛ አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ነው።

የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ወሬው የሚጥመው ከሥሩ ሲጀመር ነውና።

ሾፌሩ አለነ ከአሰብ ሲመለስ ቃልሽን አደረሰኝ። ባልሽ ሌላ ትዳር እንደያዘ፣ ከነልጅሽ ብቻሽን እንደቀረሽ፣ «አባቴ ያስገባኛል ወይ? ማደሪያስ አለኝ ወይ?» እንዳልሽም ነገረኝ። ምን ብዬ ልመልስልሽ? አባትሽ፣ ያለ ፈቃዱ ያን ባልሽን ተከትለሽ የሄድሽ ጊዜ፣ ክፍልሽን እንጨት ሞላበት። አምስት ዓመት ሙሉ ስምሽን አላነሳም፤ እንጨቱን ግን በየበጋው ይጨምርበታል። የቆላውን ዛፍ፣ ክርክራውንም አባሎውንም፣ ግንዱን ከነጉጡ፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ወርውሮ በሩን ገጭ ያደርገዋል።

እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ አወራወሩ ነው። በሚሠራበት በመንግሥት እርሻ መጋዘን ጆንያ ሲደረድር መርፌ የማያሾልክ ሰው እኮ ነው! ጎረቤታችን ዋሲላ እንኳ «እት አሰፋች፣ አያ ቢሻው ድርደራውን ለመንግሥት ጨርሶ ለቤቱ የተረፈው ውርወራው ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ተመልሳ እንዳትገባ በሩን በግንድ ደፈነባት ብዬ ቂም ያዝኩበት፤ አኩርፌው የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው።

አምና ቀበሌው ተዛውረው ለመጡ ሠራተኞች ማደሪያ ሲያስስ ቤት ለቤት ዞረ። የዋሲላን ጓዳ ወሰዱት። እኛም ዘንድ መጡና ሊቀመንበሩ አቶ ሰጠኝ የክፍልሽን በር ከፈት ቢያደርገው፣ አንዱ ጉማጅ ተንከባሎ እግሩ ላይ አረፈ።

«አያ ቢሻው፣ ይህ ክፍል አይደለም እንዴ?»

«ነበር። አሁን የእንጨትና የእባብ ነው።»

«የእባብ?»

«አንዱን ገድዬዋለሁ። ሚስቱ ግን እስካሁን አልወጣችም» አለ አባትሽ፣ ፊቱን ሳይፈታ።

ሰጠኝ በሩን ራሱ መልሶ ዘጋው። እኔም ከጓዳ ሆኜ ሳቄን አፈንኩ እንጂ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

እንግዲህ አለነ ያመጣውን ቃል ለአባትሽ ነገርኩት። ጫማውን አጥልቆ ወጣ። በቃ፣ ቆርጧል ብዬ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ቀረሁ። በማግስቱ እሑድ ስነሳ ግን እንጨቱን ከክፍልሽ እያወጣ ሲያመላልስ አገኘሁት። «ኧረ የት ታደርሰዋለህ? ግቢው መች ይበቃዋል?» ብለው አንድ ግንድ ጨምሮ ትከሻው ላይ አነሳ።

ልጄ፣ ያን ቀን ያየሁትን ብታዪ! መጀመሪያ ምስጥ እንዳይደርስበት በጣሪያው ጠርዝ ሥር ድንጋይ አኖረ፤ በድንጋዩ ላይ አጣና አጋደመ። ረጅም ረጅሙን በመጋዝ በክንድ ልክ ቆረጠው። ዳርና ዳሩን አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም እያነባበረ እንደ ምሰሶ አቆመው፤ መሃሉን በፍልጥ፣ ልጡን ወደ ላይ እያደረገ፣ ሞላው፤ ቀጫጭኑን በየቀዳዳው ሸጎጠው። ነፋስ እንዲያልፍበት ከግድግዳው ትንሽ አራቀው። ክፍል ሙሉ እንጨት አንድ ግድግዳ ዋጠው! መተላለፊያው እንኳ አልጠበበም።

ክፍሉ ውስጥ ከእንጨቱ ሥር ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? አልጋሽ። ሸጦታል ብዬ የተውኩት አልጋሽ፣ ከነፍራሹ በሸራ ተጠቅልሎ፣ ምስጥ ሳይነካው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ መደርደር እያወቅህ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ስትወረውር ኖርክ?» አልኩት።

ላቡን በክንዱ ጠረገና «በሥርዓት ብደረድረው ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆን ነበር። ባዶ ከታየ ደግሞ ለሰው ይሰጣል» አለኝ።

ዓይኔን ስጠርግ ሲያየኝ ሰጋቱራ ነው አልኩት።

የዚያኑ ዕለት ሰጠኝን ጠርቶ «ልጄ ከነልጇ ልትገባ ነው፤ መዝግብልኝ» አለው። ሰጠኝ ከደጅ ቆሞ መጀመሪያ ስለ እባቧ ጠየቀ። አባትሽም «እሷም አገሯ ገባች» አለው። ሳቀና መዘገበሽ። ይኸው፣ ስምሽ ተመልሶ ከስማችን ሥር ሆነ፤ እፎይ!

ለሕፃኑ አጎበር ሰቅያለሁ፤ የዘንድሮ ወባ ክፉ ነው። ጎንደር ስትደርሺ ውሃ ያዢ። አቧራው ይቅለልሽ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ እንደ እናት ይይሽ፣ ያቀፍሽውን ልጅ ከጉልበቴ ያድርስልኝ።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ደጋግሞ በደጄ ያልፋል። «ምን ልበልልህ?» አልኩት። ቆመ፣ አሰበ፣ የተደረደረውን እንጨት አየና እንዲህ አለ፦ «እንጨት ስትወስድ ከላይ ጀምራ ታንሳ በያት። እንደ ልማዷ ከመሃል እንዳትመዝ፤ ይናድባታል።»

የላከው ይህን ነው፤ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩበት።

እናትሽ
አሰፋች ፈረደ