ውሃ የደረሰው በረት

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ቢሮ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አበባ የለመለመ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ደጅዎም እንደኔ ደጅ በሰንሰለት የማይታሰር ይሁን እያልኩ ከታሸገው ግቢዬ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። በር ላይ ያቆሙልኝ ጥበቃ ከዚህ ግቢ የወጣ ወረቀት በሽታ ያስተላልፋል ብሎ አልቀበል ስላለኝ፣ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ በስልክ እያነበብኩ ለማስጻፍ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አምኜ፣ አሳማዎቼ መኖ እምቢ ባሉ ማግስት ሮጬ ባመለክት፣ እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ በሩን ከነእኔና ከነባለቤቴ ቆልፈውልኛል። የደበቀው ጎረቤቴ አሳማዎቹን ሸጦ ዛሬ ይንሸራሸራል። ሕግ ማክበር ምን እንደሚያተርፍ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፤ ለዚህ ቫይረስ መድኃኒት እንደሌለ፣ ነገር ግን ከቅጠልና ከሥር የተጨመቀ አንድ ፈሳሽ እየተሞከረ መሆኑን ገልጸው፣ ግቢያችንን ለሙከራው መምረጥዎ ትልቅ ክብር ነው። የግራው በረት ጭማቂውን፣ የቀኙ በረት ደግሞ ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ እንዲጠጣ አዘዋል። የግራዎቹ ዛሬ ገንዳ እየገለበጡ በመኖ ይጣላሉ፤ የቀኞቹን በየማለዳው የምንቀብረው እኔና ባለቤቴ ነን። ጭማቂው ይሁን ዕድል እኔ አላውቅም፣ ሙከራውን የሚከታተሉት የእንስሳት ሐኪምዎም ገና አላውቅም ይላሉ። እሳቸው እንዲያውቁ ግን የቀኞቹ እስከ መጨረሻው ውሃ መጠጣት አለባቸው።

ሁለተኛ፤ በቀኙ በረት ባለቤቴ «እሜቴ» የምትላት እርጉዝ አሳማ አለች። ይህን ቤት ያቆመች እሷ ናት፤ የግራዎቹም አብዛኞቹ ልጆቿ ናቸው። አሁን በጎኗ ተኝታ፣ ስትጠራ ጆሮዋን ብቻ ታነቃንቃለች። የጭማቂው በርሜል ከአፍንጫዋ ሥር ነው። አንድ ጣሳ ይፈቀድላት ብለን ሐኪምዎን ብንለምን፣ ሙከራው እንደሚበላሽ፣ ከተበላሸም እንደ አዲስ ተጀምሮ እኛም እንደ አዲስ እንደምንታሸግ በትሕትና አስረድተውናል። ብንሰጣት አንወጣም፤ ባንሰጣት ትሞታለች። ጨንቆኛል፣ ክቡርነትዎ። በጨዋ ቋንቋ የምለው ሌላ ቃል አጣሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ ተወው ስላለችኝ ትቼዋለሁ፤ የወላጆችዎን ስም የሚያነሳ ነበርና።

በሌላ ሰው በረት ላይ ለሚያሳዩት የማያልቅ ትዕግሥት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ትእዛዝዎን አክባሪ፣ ባላከብርም መሄጃ የሌለኝ
አሳማ አርቢው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴን ከትናንት ጀምሮ ያስላታል፣ ትኩሳትም አላት። የአሳማው በሽታ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሐኪምዎ ምለው ነግረውናል፤ ጥበቃው ግን ወደ ክሊኒክ እንዳትሄድ በትእዛዝዎ ከልክሏታል። ቢሮዎ ብደውል፣ ውሃ በብዛት ትጠጣ ተብያለሁ። በየትኛው በረት እንደመደቧት ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።