ዓይን ታይቷል

ኅዳር 3
ደመና፤ ዝናብ ግን የለም። ክፍሉ ውስጥ አምስት ታካሚዎች፣ ወጣቷ ነርስና እኔ። ለፊት አጥንት ስብራት አዲስ ወረቀት ወጥቷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት፤ በየአልጋው ግርጌ ተንጠልጥሏል። ምን ከምን እንደሚቀድም በተራ ይዘረዝራል፤ ነርሷ አንዱን በጨረሰች ቁጥር ምልክት ታደርጋለች። ወለል ስወለውል አነበዋለሁ... ንባብ የለመድኩት ከሚጣል ወረቀት አይደል? ይሄኛው ገና አልተጣለም።

ኅዳር 4
አልጋ ሰባት አዲስ ሰው ገባ። ቆርቆሮ መቺ ነው። ከጣራ ወድቆ ጉንጩ ተሰብሯል፤ ግራ ዓይኑ በእብጠት ተደፍኗል።
"አይደንግጡ እትዬ፤ ድሮም በቁንጅና አልታማም ነበር።"
ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ኅዳር 5
ከምሳ በኋላ ከቆርቆሮ መቺው ዘንድ ቀልድ የለም።
"ምነው ልጄ?"
"ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ... ወደ ውጭ።"
ወረቀቱን አየሁ። "ዓይን ታይቷል" ይላል፤ በየሰዓቱ ምልክት አለበት። መታየቱንስ ታይቷል። ነርሷ የዓይኑን ቆብ ገልጣ ባትሪ ስታበራበት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እሱ ያያል ወይ? ይህን የሚጠይቅ መስመር የለም።
ደህናውን ዓይን በመዳፉ አስከደንኩት። ያበጠውን እንደ ምንም ገለጥ አደረገ።
"ባልዲዬ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"
"ግራጫ።"
ባልዲዬ ቀይ ነው።
ለነርሷ ነገርኳት።
"ታይቷል እኮ! ምልክቱን አላዩም?"
"እሱ ግን አያይም።"
"እትዬ፣ እርስዎ ወለሉን፣ እኔ ፊቱን።"
መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ብሳሳትስ? ቢያባርሩኝስ? ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ነበር። ሳላንኳኳ ገባሁ።
"አልጋ ሰባት ቀዩ ግራጫ ሆኖበታል።"
ሁሉም አፈጠጡብኝ። ዶክተሩ ብቻ ብድግ ብሎ ሮጠ። ከዓይኑ ጀርባ ደም ተጠራቅሞ ኖሯል። እዚያው አልጋው ላይ በዓይኑ ጠርዝ ትንሽ ቀደው አስተነፈሱለት።
ይድን ይሆን ዓይኑ? ማንም አልነገረኝም።

ኅዳር 6
ዛሬም ማንም አላናገረኝም።

ኅዳር 7
ጣት ይቆጥራል! ሦስት ሲያሳዩት ሦስት አለ። "ቀለሙ ገና ነው፤ እንጠብቃለን" አለ ዶክተሩ።
ነርሷ እቃ ክፍል ድረስ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።
"ወረቀቱ ያለውን ነበር ያደረግኩት..."
"አውቃለሁ ልጄ።"

ኅዳር 12
ወረቀቱ ሊለወጥ ነው። "ታይቷል" ወጥቶ "ምን ያያል? በራሱ ቃል ይጻፍ" ገብቷል። ዋና ነርሷ ረቂቁን አመጣችልኝ።
"ከመታተሙ በፊት አንቺም አንብቢው።"
እኔ?... ቤት ይዤው ሄድኩ።

ኅዳር 13
ጠዋት አንድ ሰዓት ገባሁ። የሥራ ልብሴን ለበስኩ። እጄን ታጠብኩ። ወደ ዋና ነርሷ ቢሮ ሄጄ ረቂቁን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። አምስተኛው መስመር "ቀኝ ጉንጭ" ይላል። ከሥሩ በእርሳስ አሰመርኩና ጻፍኩበት፦ "የማን ቀኝ? የተኛው ወይስ የቆመው?"