ለሳውና ማገዶ የተሰጡ ስድሳ አንድ ገጾች

እሑድ፣ ማርች 14 ቀን 1954። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል፤ የሐይቁ በረዶ ገና አልቀለጠም። የተገኙት፦ ተናዛዡ የሙዚቃ ደራሲ ቮይቶ ኬራነን፣ ልጃቸው ታውኖ፣ ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ ኤሊስ፣ በኋላ የተጠራችው ነርስ ሳይሚ፣ ቃላቸውን የምጽፈውም እኔ የቤቱ ሠራተኛ ሌምፒ።

እኔ ቮይቶ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ አልደከመም። ማንም ሳያስገድደኝ እንዲህ እናዘዛለሁ።

ቤቱና የሐይቁ ዳርቻ ለታውኖ ይሁን።

“ጀልባዋስ?” አለ ኤሊስ።

“ምስክር አይወርስም። ዝም ብለህ ፈርም።”

ባለአምስት ክሩ ክራር መሰል ካንቴሌ ለልጅ ልጄ ለኬርቱ ይሰጥ። ሙዚቃዬን ያገኘሁት ከእሱ ነው፤ ጥቂት ድምፅ፣ ብዙ ዝምታ። ጋዜጦች “ሙዚቃው በረዶ ነው” አሉኝ። እኔ የጻፍሁት ከበረዶው ሥር ያለውን ውሃ ነበር፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባሶቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ይዘው የሚቆዩት ለዚህ ነው።

አምስተኛው ሲምፎኒ። ሚስቴ በሞተች ሳምንት ስድሳ አንዱንም ገጽ ለሌምፒ ሰጥቼ “የመታጠቢያ ሳውናውን አሞቂበት” ያልሁ እኔ ነኝ።

ታውኖ ተነሣ። “አባዬ፣ ስንት ዓመት የለፋህበትን እሳት ውስጥ የከተተች ሴት ናት እኮ ኑዛዜህን የምትጽፈው! ፊደል እንኳ የለቀመችው ከማገዶ ወረቀት ነው። ቤቱ የእኔ ከሆነ በማግስቱ ትወጣለች!”

“ተቀመጥ። ሌምፒ፣ ጻፊ።”

ብዕሩን ቀለም ነክሬ ቃላቸውን መጻፍ ቀጠልሁ።

ባለፈው በጋ ሌምፒ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማኋት። የአምስተኛው የመጨረሻ ክፍል ነበር። ያ ዜማ ማንም ተጫውቶት አያውቅም፤ ከወረቀቱ ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ኖታውንም እንደ ፊደሉ ከማገዶ ወረቀት ለቅማዋለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“እውነት ነው?” አለኝ ታውኖ።

አንገቴን ደፍቼ የተባለውን ጻፍሁ።

ስለዚህ ያተረፈችው ወረቀት የራሷ ነው። ብታነድደውም፣ ለኦርኬስትራ ብትሰጠውም ታውኖ አይጠይቃት። ሳውናው አጠገብ ያለው ክፍልም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አይወሰድባት።

“እንግዲህ ወራሽ ሆነሻል፣ መፈረም አትችይም” አሉኝ። “ሳይሚን ከወጥ ቤት ጥሪያት።”

ተናዛዥ፦ ቮይቶ ኬራነን። ይህን ሲናገሩና ሲፈርሙ አብረን ያየን፦ ኤሊስ ፓርታነን፣ ሳይሚ ሆፕሱ።

በማግስቱ ጠዋት ከዱቄት ሣጥኑ ሥር ስድሳ ገጽ አውጥቼ የቮይቶ አልጋ ላይ አስቀመጥሁላቸው። የመጀመሪያውን ገጽ በእርግጥ አንድጄዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም ነበር። በእሱ ቦታ አንድ ባዶ የኖታ ወረቀትና የተቀረጸ እርሳስ አኖርሁ።

“ይቺን እርስዎ ይሙሉልኝ” አልኋቸው።

ከዚያ ወጥቼ ሳውናውን በበርች ዛፍ ቅርፊት አቀጣጠልሁ።