በፎቶዬ የያዝኩትን መሪ በእጄም እንድይዝ ስለ መጠየቅ

ለክቡር አቶ ኢሴ ዋበሪ
የወገግታ ደረቅና ፈሳሽ ጭነት ማመላለሻ ማኅበር ሊቀ መንበር
ጅግጅጋ

ክቡር ሊቀ መንበር፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ በግመሎችዎና በማኅበሩ መኪኖች ጎማ ሁሉ ላይ ይሁን እያልኩ፣ ባለፈው ሲያጉረመርሙበት የነበረው የወገብ ሕመምዎ እንደ ተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ወገብ የሚያመው ብዙ የነዳ ወይም ብዙ የተቀመጠ ሰው ነው ይባላል፤ እርስዎ መንዳት ካቆሙ ብዙ ዘመን ሆኖዎታልና፣ ሊቀ መንበርነቱ ይህን ያህል የሚጎዳዎት መሆኑ ከልብ ያሳዝነኛል።

ደብዳቤውን በግልጽና በአማርኛ የጻፍኩት ከካራማራ ወዲያም ወዲህም ያለ ሾፌር ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ነው። በሶማሊኛማ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ፤ እርስዎም በሄድኩ ቁጥር ሻይ አዝዘውልኛል፤ እኔም ሻዬን ጠጥቼ ወጥቻለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኝ እንጂ ሻዩ ስኳር አላነሰውም።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ነስራ ዴቅ እባላለሁ፤ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። የፈሳሽ ጭነት መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ፈተናውን ያለፍኩትም በመጀመሪያው ሙከራ ነው። አብሮኝ የሠለጠነው ዐብዲጀባር ግን ወደ ኋላ በሚነዳበት ፈተና ምሰሶ ገጭቶ ወደቀ፤ ምሰሶው ተቀይሮ ሲጠብቀው አዲሱንም ገጨ፤ አሠልጣኛችን አቶ መርሻ ልጁ ሲመጣ ምሰሶውን ቀድማችሁ ንቀሉልኝ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ዛሬ ዐብዲጀባር የማኅበሩ የቀይዋ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው። እኔ በማኅበሩ ቢሮ ስልክ አነሳለሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከቅናት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ከቅናት ነው። ስለዚህ እሱን ለማስተባበል ወረቀት አላባክንም።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ፎቶው አመሰግናለሁ። ከሐረር በኩል ካራማራን ወርዶ ከተማችን የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው፤ በትልቅ ሰሌዳ ላይ፣ በቀይዋ ቦቴ ጋቢና ውስጥ፣ ሁለት እጄ መሪው ላይ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ፣ ከበላዬም «ሴቶች በማኅበራችን ወደፊት!» ተብሎ ተጽፎ። ማርች ስምንት ሲከበር ለአንድ ጠዋት ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ የተነሳሁት ነው። ያን ቀን የሞተሩ ቁልፍ በዐብዲጀባር ኪስ ውስጥ እንደ ነበር ፎቶው ላይ አይታይም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ በዚያች በሰሌዳው ላይ ባለችው ሴት እቀናለሁ። የሥራ ልምድ ስንት ዓመት አለሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ፀሐይ ሲወጣ ከመሪው ኋላ ናት፤ ሲጠልቅም እዚያው ናት። እኔ በሥሯ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዱ ባለ ባጃጅ ቀና ብሎ አይቷት፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አበዮ፣ የኔ እህት፣ ይህቺ እህትሽ ናት? እሷስ ተሳክቶላታል» አለኝ። እህቴ ናት አልኩት፤ ምን ልበለው?

2ኛ. ለሥራ ባመለከትኩ ጊዜ ስለ ሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። ልምድ የሌለው ሰው ላይ መኪና አይጣልም አሉኝ፤ ልምዱ ከየት ይምጣ ስልዎት ከመኪና አሉኝ። ዐብዲጀባርም ያኔ እንደ እኔው ልምድ የሌለው ነበር፤ ለእሱ ግን ወንድ ልጅ እየሠራ ይለምዳል ተባለ። ቀጥለው ሴት ልጅ በመንገድ ስታድር ሰው ምን ይላል ብለው እንደ አባት ተጨነቁልኝ። ጭንቀትዎ ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን እናቴን ካልቱንን ያውቋታል። ከቶጎ ውጫሌ ሩዝና ልባሽ ጨርቅ እያመጣች ስታሳድገኝ፣ በእርስዎው መኪና፣ ያኔ በእርስዎው እጅ በሚነዳው፣ በጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ፣ ብርዱንም አቧራውንም እየጠጣች ትመላለስ ነበር። ሰው ምን ይላል ብለው አውርደዋት አያውቁም፤ ሒሳቧን ተቀብለው ወደ ላይ ውጪ ነው ያሏት። ከጭነት በላይ መተኛት ያላስነወራት የእኛ አገር ሴት፣ ዝቅ ብላ ጋቢና ስትገባ ነውሩ የሚጀምረው ከስንተኛው መወጣጫ ላይ እንደሆነ ቢያብራሩልን ለብዙዎቻችን ይጠቅመናል።

3ኛ. ይህኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ሆዴን የሚበላኝም ይኸው ነው።

በዚያ ክፉ ድርቅ ወቅት ነባር ሾፌሮች በየአቅጣጫው ውሃ ሲያደርሱ ሰው አጠረዎትና፣ እኔንና ዐብዲጀባርን አንድ ላይ ጠርተው ቀይዋን ቦቴ ውሃ ሞልታችሁ ጉናጋዶ አድርሱ አሉን። መሪውን ተካፈሉ፤ ከሁለታችሁ ማን ሾፌር እንደሆነ ውሃው የደረሰው ሰው ይመሰክራል፤ ቁልፉም ምስክር ላገኘው ይሆናል አሉ። ፍርድዎን ወደድኩት። ዛሬም እወደዋለሁ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ምስክሩ የሚያየው የትኛውን እንደሆነ አለመታሰቡ ነው።

ከጅግጅጋ እንደ ወጣን ዐብዲጀባር ራሱን አመመው። እኔ ነዳሁ። ደገሃቡርን አልፈን አስፋልቱ ሲያልቅ ሕመሙ ባሰበት። እኔ ነዳሁ። ደረቁ ወንዝ ዘንድ ስንደርስ አንድ ሌላ መኪና አሸዋው ውስጥ እስከ ሆዱ ተቀብሮ አየንና፣ ዐብዲጀባር አቅጣጫ ላሳይሽ ብሎ ወርዶ ማዶ ተሻገረ። አሸዋ ላይ ፍሬን የነካ ተቀበረ ማለት ነው። በከባድ ማርሽ፣ ሳልፈጥን፣ ሳልቆም፣ ቢስሚላሂ ብዬ ተሻገርኩ። ከኋላዬ ቦቴው ውስጥ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የምመኘው ደስታም እሱኑ ነው፤ ሌላ አላውቅም።

ጉናጋዶ ስንደርስ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቀን ነበር። እንደሚያውቁት በዚያ አገር ውሃ ላመጣ ሾፌር የመጀመሪያው ኩባያ የግመል ወተት ይሰጣል፤ ግመሎቹ አጥንታቸው በወጣበት በዚያ ጊዜ እንኳ ከየት እንዳገኙት አላህ ይወቅ፣ አንድ ሽማግሌ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። እኔ በሾፌሩ በር ወረድኩ። ዐብዲጀባር በወዲያኛው በር ወረደ። ሽማግሌው በፊቴ አልፈው፣ መኪናውን ዞረው ሄደው ኩባያውን ለእሱ ሰጡት።

ሾፌሯ እኔ ነኝ አልኩ። ሽማግሌው በፍቅር ነው የሳቁት፤ «ማሻአላህ፣ ባሏን እንዲህ የምታግዝ ሴት ይስጠን» ብለው መረቁኝ። ሴቶቹም እጄን ይዘው ጥላ ሥር አስቀመጡኝና፣ እንዲህ ባለ መንገድ ይዞሽ የሚዞር ባል ስላለሽ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ ብለው አጽናኑኝ። ሰዎቹን አልወቅሳቸውም፤ ሴት ከዚያ በር ስትወርድ አይተው አያውቁምና። ዐብዲጀባር ግን ያውቃል። ኩባያውን ይዞ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ጠጣው። ሳይተነፍስ ጠጣው። አፉ ላይ ነጭ ቀርቶ ሽማግሌው በራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲመርቁት አሚን ይል ነበር። ራስ ምታቱም በዚያው ለቀቀው። ባዶውን ቦቴ ወደ ጅግጅጋ እየነዳ የተመለሰው እሱ ነው።

እኛ ሳንደርስ የሽማግሌው ስልክ ቀድሞን ደረሰ። አሸዋውን እንደ ውሃ የተሻገረው ልጅ ይባረክ አሉ፤ የተቀበረው መኪና ሰዎች እንደ ነገሯቸው መሆኑ ነው፤ እርስዎም ቃልዎን የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ ቁልፉን ለዐብዲጀባር ሰጡ። መጥቼ የሆነውን ብነግርዎ፣ «ነስራ፣ ሽማግሌ የመረቀውን ልጅ እኔ እንዴት አድርጌ ልርገመው?» አሉኝ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምርቃት ተሳስቶ የሌላ ሰው ደጅ ሲገባ ግን እንደማይመለስ ከእርስዎ ተማርኩ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

4ኛ. ቅር እንዳይለኝ ብለው ስለ ሰጡኝ የስልክ ሥራ አመሰግናለሁ። ሾፌርነት ሲቀር የሾፌር ደመወዝም አብሮ እንደሚቀር ቀስ ብለው ስላስረዱኝ አላህ ይስጥልኝ። ከሐርተሼክ ሲደወል ሾፌራችን ዐብዲጀባር እየመጣ ነው እላለሁ። ከቀብሪበያህ ሲደወል ሾፌራችን ዐብዲጀባር ወጥቷል እላለሁ። ስሙን ስንት ጊዜ እንደምጠራው ሚስቱ ብታውቅ እሷም ትቀና ነበር። ቀይዋ ቦቴ አሁን የወንበር ልብስ አላት፤ መስታወቷ ላይ ዘርፍ ተንጠልጥሎባታል፤ ዐብዲጀባርም ጥቁር መነጽር ገዝቷል። በቢሮው መስኮት ሥር ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል። ይህ ለሰላምታ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ክላክሱን በሰማሁ ቁጥር ቀኝ እግሬ ጠረጴዛው ሥር ነዳጅ ይረግጣል። ስንቴ ባዶ መሬት እንደረገጥኩ የማኅበሩ ምንጣፍ ይመስክርልኝ፤ እሱም ሳስቷል።

5ኛ. ሰሞኑን ማኅበራችን አዲስ ነጭ ቦቴ ሊረከብ እንደሆነ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የሾፌሩ ነገር ገና አልተወሰነም ይላሉ፤ የዐብዲጀባር ታናሽ ወንድም ግን ከወዲሁ ጥቁር መነጽር መግዛቱን አይቻለሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያችን መኪና ስጡኝም አልልም፤ ልጁንና እኔን ወደዚያው ደረቅ ወንዝ ይውሰዱን፤ እርስዎ ራስዎ ማዶ ቆመው ይመልከቱ። እርስዎ ለዓመታት በዚያ አሸዋ ላይ የነዱ ሰው ነዎት። መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሽማግሌ አያስፈልግዎትም።

አደር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ክቡርነትዎን ትቼ እንደ አጎት ልጥራዎት። እናቴ ከጆንያው ላይ ሆና የእርስዎን እጅ ስታይ ኖራለች። እኔንም ቁጭ አድርጋ ጥሩ ሾፌር ማለት ከላይ የተኛው ሰው የማይነቃበት ነው ብላ የነገረችኝ በእርስዎ አነዳድ ነው። መጀመሪያ የቀናሁት በዐብዲጀባር አይደለም፤ በእርስዎ ነው።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ራስዎ ካላነበቡትም የሚያነብልዎትን ሰው ስላደከምኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አላህ ወገብዎን ምሮልዎ ከወንበርዎ ለመነሳት የሚያበቃዎትን ጤና እንዲሰጥዎ ዱዓ በማድረግ፣ በሰሌዳ ላይ ሾፌር፣ በመሬት ላይ ስልክ አንሺ ሆኜ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

ነስራ ዴቅ
ጅግጅጋ

ግልባጭ፦
ለሾፌር ዐብዲጀባር፣ ባለበት
ለጉናጋዶው ሽማግሌ፣ ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር
ለፎቶዬ፣ ካራማራ መውረጃ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል መልእክትዎ ደረሰኝ። የሰሌዳው ፎቶ ፀሐይ ስለበላው፣ ለአዲሱ ቦቴ ርክክብ ያኔ በፎቶው ላይ ያደረግኩትን ሻሽ አድርጌ፣ በነጩ መኪና ጋቢና ውስጥ እንደገና እንድነሳ ጠይቀዋል። በደስታ እመጣለሁ። ፎቶ አንሺው ያለፈው ፈገግታዬ የውሸት ይመስላል ብሎ ስለ ነበር፣ ዘንድሮ ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቀኝ፤ ፊቴ ያኔ ራሱ ይፈታል። ዐብዲጀባርም ቢመጣ ከጎኔ ቦታ አለው፤ ራሱን ሲያመው ማዶ አወርደዋለሁ። ቦቴውን ግን አደራ ውሃ ሙሉልኝ፤ ፎቶው ሲያልቅ ባዶዬን ጉናጋዶ መድረስ አልፈልግም።