የሐሰት ፍርስራሹ እውነተኛ ስንጥቅ

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 2004

የግንቡ ስንጥቅ አብሮት የተሠራ ነው አልኩት። ጓደኛዬ ከድር አልሰማኝም። እጁን እስከ አንጓው አስገብቶ፣ «ዓምና ጣቴም አይገባበትም ነበር» አለ። ዓምና እጁ ወፍራም ነበር። ዘንድሮ ስኳር አከሳው። ይህንንም ነገርኩት። ተቀየመ፤ ከዚያ ሳቀ።

የግንቡን አዳራሽ ለመጥረግ ነበር የሄድነው። እሑድ የሚካኤል ማኅበር የእኔ ተራ ነው። ሠላሳ ሰው ይመጣል። ፍራንክፈርት፣ ኒድ ሰፈር ያለው ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለፈው ተራዬ መዝሙር ስንጀምር የታችኛው ጎረቤቴ ፖሊስ ጠራ። ሌላ ጊዜ የምንከራየው አዳራሽ በሠርግ ተይዟል። የግንቡ ቁልፍ ግን በእኔ እጅ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ግንቡን የሚንከባከበው የጀርመኖች ማኅበር፣ የፌራይኑ አባል ነኝ። ከአባላቱ መካከል በየሳምንቱ የሚሄደው እኔ ብቻ ነኝ። ሊቀመንበሩ ሄር ሉትስ ፈቅዶልኛል። ነገሩ አለቀ።

አላለቀም። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ከድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሠላሳ ነፍስ እዚያ ግድግዳ ሥር ልታስቀምጥ ነው?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቲማቲም ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለ ግንብ ምን ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ስለ ግንቡ የማውቀውን እዚህ ላስፍረው፤ ልቤ ይርጋ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ታውኑስ ተራራ ግርጌ ጫካ ውስጥ ነው። ያሠራው የፍራንክፈርት የወይን ጠጅ ነጋዴ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጦርነት አላየም። መስፍን አልኖረበትም። ገና ከመጀመሪያው ፍርስራሽ መስሎ ነው የተሠራው። የዚያን ጊዜ ሀብታሞች ፍርስራሽ ማየት ይወዱ ነበር፤ የድሮ ፍርስራሽ የሌለው አዲስ ያሠራል። ግንበኞቹ የላይኛውን ጫፍ እንደ ተሰበረ ጥርስ አድርገው ተዉት። በሰሜን በኩል ያሉት መስኮቶች ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ አይከፈቱም። የውጭው ደረጃ ወጥቶ ወጥቶ አየር ላይ ያልቃል። ሐረጉን እንኳ አትክልተኛ ነው የተከለው።

ውስጡ ግን ሌላ ነው። ክብ አዳራሽ፣ ጉልላት፣ በጉልላቱ ዙሪያ ከጄሶ የተሠሩ ጽጌረዳዎች፣ አንድም ያልተሸረፈ። ከፍርስራሽ የገባ እንግዳ እልፍኝ ሲያገኝ ክው እንዲል ታስቦ ነው።

ይህን ለማኅበርተኞቹ ስነግራቸው፣ «ገንዘብ አልቆበት ይሆናል እንጂ፣ ሰው የፈረሰ ቤት ይሠራል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አላስረዳሁም።

ትልቁ ስንጥቅ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይታያል። ከጫፉ እስከ መስኮቱ ድረስ በቀለም ተስሏል። የንድፉን ቅጂ ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። ጀርመንኛውን መዝገበ ቃላት ይዤ ለብቻዬ ነው ያነበብኩት። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም አያርመኝም።

ልጄ ማርታ ደወለች። ከድር ነግሯታል። «ፓፓ፣ ላስ ዳስ» አለችኝ፤ ተወው ማለቷ ነው። ጽዋ ቤቱ ያስገባ ሰው ተራውን አይተውም አልኳት። ባለፈው ወር በሰው ሁሉ ፊት ተቀብያለሁ። እሑድ ግን ልጇን ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

የከድርን አፍ የምዘጋበት ዘዴ አገኘሁ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነው። ጄሶ ትበጠብጥና ስንጥቁ ላይ እንደ ድልድይ ትለጥፋለህ። ጄሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቀመጣል። ክርክር የለም።

ከድር መሰላሉን ያዘልኝ።

«ለግንብም ፋሻ?»

«ለግንቡ አይደለም፣ ላንተ አፍ ነው።»

«እንግዲያው ሰፋ አድርገው።»

ከወረድኩ በኋላ ቀልዱን ትቶ፣ «ለሄር ሉትስ ብትነግረው ምን ይልሃል? ይምጣና ይየው» አለ። ምኑን ነው የሚያየው? ሄር ሉትስ ስለ ግንቡ የሚያውቀውን የነገርኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

የጀርመኖቹ የዕርገት በዓል ነው፤ የአባቶች ቀንም ይሉታል። ጎረምሳው ሽማግሌው በጋሪ ቢራ ጭኖ ጫካ ለጫካ ይዞራል። ሁለቱ ግንቡ ጥግ ሊሸኑ ሲሉ ደርሼ አባረርኳቸው። አንደኛው፣ «ቤተ መንግሥቱ ያንተ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ጄሶው ምንም አልሆነም። በጥፍሬ አንኳኳሁት፤ ድንጋይ ሆኗል። ወዲያው ለከድር ደወልኩ።

«በል ንስሐ ግባ።»

«ኧረ የሰው ያለህ! እስላሙን ንስሐ ግባ ይለኛል!»

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ከባድ ዝናብ መጣ።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ዝናቡ አላባራም። ጄሶው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ።

ቀጥኖብኝ ነው። ውኃው በዝቷል። መጽሐፉ ወፍራም ይሁን ይላል፤ እኔ ቸኮልኩ። ፋቅሁትና አዲስ ለጠፍኩ፤ እንደ ጭቃ የወፈረ።

ከድር ደውሎ ጠየቀኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ አዲሱ ደህና ነው።

በጉ ታርዷል። ማርታና ሁለት ሴቶች ወጡን እየሠሩ ነው። ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም። ጠላው ደርሷል። ሰው ሁሉ አድራሻውን ይዟል። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፣ ምሳዬን ግን መብላት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

አዲሱ ጄሶ ለሁለት ተሰብሯል። ሁለቱ ወገኖች አይገጥሙም፤ አንደኛው ወደ ታች ወርዷል።

መሰላሉ ላይ ቆሜ ሰበብ ፈለግሁ። ሌሊቱ ብርድ ነበር አልኩ። ጄሶው አሮጌ ነው አልኩ። ከዚያ ወንበር ለመደርደር ገባሁ። ጠርጌው የሄድኩት ወለል ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል። ቀና አልኩ። ስንጥቁ ግድግዳውን አልፎ ገብቷል። ጉልላቱ ላይ ወጥቶ አንዷን ጽጌረዳ መሃል ለመሃል ከፍሏታል።

ነጋዴው ያፈረሰው ውጭውን ብቻ ነው። ውስጡ ላይ አንዲት ጭረት አላሳለም። ንድፉ ላይ የለም፤ በምንም መጽሐፍ የለም። ይኼኛው የዝናቡና የጊዜው ሥራ ነው።

ወጥቼ ቆለፍኩ። ቁልፉ እንቢ ብሎኝ ቆየ። መጀመሪያ ለሄር ሉትስ ደወልኩ። ማንም እንዳይጠጋ ዛሬውኑ ይታጠር አልኩት። ሁለተኛ ለከድር።

«ተሰበረ» አልኩት።

«መቼ?»

«ትናንትም ተሰብሮ ነበር።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። «ችኮ! ሰው ትጨርስ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ፣ «መጋዘኔን ባዶ አደርግልሃለሁ» አለ። ሮደልሃይም ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የአትክልት መጋዘኑ ነው።

«ወጡ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ጠላም አለ።»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«አታጨፍንም። ቤትህ ሥጋችንም ጠላችንም አይገባም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይሆናል። ጽዋው በብርዝ ይጠጣል።»

«በፋሲካ ሽሮ? ሴቶቹ ይገድሉሃል።»

«ይግደሉኝ።»

ማርታ ስትሰማ የድስቱን ክዳን ጥላ በጀርመንኛ ጮኸችብኝ። ግማሹ ገባኝ፤ እሱም ባይገባኝ ይሻል ነበር። ቀጥሎ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን ጋሽ ዳምጠው ጋ ደወልኩ። በሰማንያ ዓመታቸው እንኳ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከፈለጋችሁ ጽዋውን ለሌላ ስጡ አልኩ።

«ከድር ዘንድ? ጎመን ላይ ልንቀመጥ ነው?» አሉ።

«አዎ ጋሽ ዳምጠው።»

«ወንበር አለው?»

እሑድ፣ ግንቦት 12

ወንበር አልነበረውም። በብርቱካን ሣጥን ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ዳምጠው ብቻ ከድር ሒሳብ የሚሠራበትን ወንበር አገኙ፤ የሚሽከረከር ስለሆነ ጸሎቱ መሃል ሁለት ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞረውብናል። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ተራውም ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ከድር ውጭ ጠለላው ሥር ሻዩን ይጠጣል፤ የማርታ ልጅ አጠገቡ ሆኖ ካሮት ይግጣል።

ሰው ግን አልማረኝም።

«ለመሆኑ ግንቡ ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ታዲያ በግ አሳርዶ ሽሮ ያበላን ምን አግኝቶት ነው?»

«ሁለት መቶ ዓመት የቆመ በአንድ ቀን ይወድቃል?»

ሳቁ። ወጡ በየዕቃው ተከፋፍሎ ወደየቤቱ ሄደ፤ እሱን ሲቀበል ማንም አልሳቀም።

ጥግ ይዤ ሳለሁ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አሁን ስልክ ቢደወል፣ «ተናደ» ቢሉኝ። የሚስቁት ሁሉ ክው ቢሉ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። ሁለት ጊዜ አየሁት። ማርታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘች።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ቁልፉን ለሄር ሉትስ አስረከብኩ። ጠይቆኝ ነው። ዙሪያው ታጥሯል፤ ሠራተኞች ግንድ በጋሪ እያመጡ ግድግዳውን በሰሜን በኩል ይደግፋሉ። የመጣውን ባለሙያ ጠየቅሁት። ሊድንም ይችላል፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ማፍረስም ሊያስፈልግ ይችላል አለኝ። እስኪደርቅ ምንም ማለት አልችልም አለ። ዝናቡ ግን ገና አለ።

አጥሩ ጋ ቆሜ ቆየሁ። ከድር ጃንጥላ ይዞልኝ መጣ። «በል እንሂድ፣ አንተም ትሰነጠቃለህ» አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም። እሱም አልሄደም።

የትናንቱን ሐሳቤን ለእሱ አልነገርኩትም። እዚህ ግን እጽፈዋለሁ፦ እንዲወድቅ ፈልጌ ነበር፤ ዛሬ አልፈልግም። ማኅበርተኛው እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ በሽሮው ይሳቅብኝ። ይቁም። ቆሞ ያሳፍረኝ።