የስሂን ዘጠኝ ደብተሮች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማልረሳሽ ለስሂን፣
ደሴ

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ጡረታ ወጥተሽም ትምህርት ቤቱን ሳታዪ እንደማትውዪ አናንዴል ያለችው የአክስትሽ ልጅ ሉባባ ነግራኛለች። አልገረመኝም።

መምህራችን ዶክተር ሊባኖስ ማረፋቸውን ከእሷው ሰምተሻል። ደውለሽልኝ ስልኩን አላነሳሁም። ሥራ ይዞኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ምን እንደፈራሁ ይህን ደብዳቤ ስትጨርሺ ታውቂዋለሽ።

ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። እስከ መጨረሻው እንደምታውቂያቸው ነበሩ። እዚህ የተወለዱ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ኩሽናቸው ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ያርሙላቸዋል። «ቀይ ያስደነግጣል» ይላሉ። ሰው ሞተበት ሲባል በአውቶቡስ ለቅሶ ይሄዳሉ፤ ማንንም ምንም አይጠይቁም፤ ለቀስተኛው ሲበተን ወንበር እያጠፉ ይደረድራሉ። ስለ እድር የጻፉት መጽሐፍ በየዩኒቨርሲቲው እንደሚነበብ የማያውቁ ወጣቶች «አባባ ይቀመጡ፣ እኛ እናነሳለን» ይሏቸዋል።

«ወንበር ያላነሳ ጥያቄ አያንሳ» ሲሉን ትዝ ይልሻል? መጠይቃችንን ታቅፈን ወደ እድርተኞቹ ልንሮጥ ስንል፣ መጀመሪያ ድንኳን ትከሉ፣ ውሃ ቅዱ፣ አልቅሱ ብለው መለሱን። አንቺ የምርሽን ታለቅሺ ነበር።

ደብተሩንም አትረሺውም። በቀኙ ገጽ ያየነውን፣ በግራው ያሰብነውን። ሁለቱን የቀላቀለ ተማሪ ደብተሩ ይመለስበታል። የእኔ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ ያንቺ አንድም ቀን።

እንግዲህ የቀኙን ገጽ ልጻፍልሽ።

በ1979 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ሐምሌ ጉለሌን ቤት ለቤት የዞርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ አንቺ ያመጣሽውን ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባ ነበር። አባትሽ ሲሞቱ እናትሽን ልትጦሪ ትምህርቱን አቋርጠሽ ደሴ ገባሽ። ዶክተር፣ ኋላ ጠቅልለው ከመምጣታቸው በፊት፣ ለአንድ ዓመት ወደ አሜሪካ ሲመጡ ረቂቁን ለማተሚያ ቤት እንዳደርስ ትተውልኝ፣ «የምስጋናውን ገጽ አንተ ጻፈው፤ ማን ምን እንደሠራ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

አውቅ ነበር። «መረጃውን ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበው ተማሪዬ ፍሰሐ» ብዬ ጻፍኩ። አንቺን በታይፕ ከረዱን ሁለት ሴቶች ጋር ጨመርኩሽ። ያኔ ለውጭ ትምህርት እያመለከትኩ ነበር፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር መንገዱን ከፈተችልኝ። ስሂን ደሴ ናት፣ አትመለስም፣ ስሟ ቢጻፍ ምን ያደርግላታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሶሲዮሎጂ አስተማርኩ። የሰው ሥራ ገልብጦ ያመጣ ተማሪ ስንቱን ያለ ርኅራኄ እንደጣልኩ አልነግርሽም።

መጽሐፉን ስታዪው ምን እንዳልሽ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽብኝም፤ ለእንቁጣጣሽ ካርድ መላክሽንም አልተውሽም። ዶክተርም አላነሱብኝም። በተገናኘን ቁጥር ግን፣ አንዴም ሳይዘነጉ፣ «ለስሂን ጻፍክላት?» ይሉኛል። «እጽፍላታለሁ» እላለሁ። የሰላምታ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ባረፉ በማግስቱ ልጃቸው አቢጊያ ደወለችልኝ። እዚሁ የተወለደች ጠበቃ ናት። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ በቀብሩ ዕለት እንዳነብ ለምናኝ ወደ አፓርትመንታቸው ሄድኩ። ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች።

«ጋሽ ፍሰሐ፣ ይሄ ሃንድራይቲንግ ያንተ ነው? ለሕይወት ታሪኩ ዩዝ ካደረግከው ብዬ ነው።»

ዘጠኝ ደብተሮች ነበሩ። ጽሕፈትሽን ወዲያው አወቅሁት። የካርቶኑ ክዳን ላይ ዶክተር በእጃቸው የጻፉት ነገር አለ። አቢጊያ በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል አነበበችው።

«የስ…ሂን። ፍሰሐ… እስኪ…ልክላት… ይቆዩ። ሁ ኢዝ ስሂን?»

«አብራኝ የተማረች ናት።»

«ኦኬ፤ ታዲያ ለምን አልላክህላትም?»

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ለካ ያ ሁሉ ዓመት ሲጠብቁኝ ኖረዋል።

ቅዳሜ፣ የቀብሩ ዕለት፣ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ነበር። ኪሴ ያለው ወረቀት ላይ ያችው የድሮዋ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መልሼ ጽፌያታለሁ። እዚያች ላይ ስደርስ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ አቢጊያ ተቀምጣለች። «ጉለሌን ቤት ለቤት ዞራ መረጃውን የሰበሰበችው ተማሪያቸው ስሂን ናት» አልኩ። «እኔ አይደለሁም። እኔ ነኝ ብዬ ያሳተምኩት ውሸት ነው።»

ማንም ቀና አላለም። ማን ያውቅሻል እዚህ? ሐዘኑ ያናገረኝ መሰላቸው። ጎረቤታቸው ይገዙ ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን» አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈራሁት ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ አልቀለለኝም። ያኔ ነው የገባኝ። ዶክተር «ተናገር» ብለውኝ አያውቁም፤ ያሉኝ «ጻፍላት» ነው።

ከቀብር መልስ በአዳራሹ ሰው ሲበተን ወንበር ማጠፍ ጀመርኩ። አቢጊያ ታኮ ጫማዋን አውልቃ መጣችና ከጎኔ ታጥፍ ገባች። እስክንጨርስ ምንም አልጠየቀችኝም። የአባቷ ልጅ ናት።

ደብተሮችሽን ሉባባ ለገና ስትመጣ ታደርስልሻለች። በአዲሱ እትም ገጹ እንዲታረም ለአሳታሚው ጽፌያለሁ። ስሂን፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም ይቅር በዪኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑን ከማሸጌ በፊት ፈቃድሽን ሳልጠይቅ ዘጠነኛውን ደብተር ገለጥኩት። ሐምሌ ነው። በቀኙ ገጽ፣ «ኃይለኛ ዝናብ። የእድሩ ዳኛ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ፍሰሐ ከቢሮ ድረስ ጃንጥላ ይዞልኝ መጣ» ይላል። በግራው ገጽ አንድ መስመር ብቻ አለች፤ «መዋሸት የማይችል ልጅ ነው።»

ቀኙ እውነት ነው፤ መጥቼ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ግን እኔም በየትኛውም ገጽ አልጻፍኩትም። የግራውን እንዳላርመው ያንቺ ገጽ ነው። እንደነበረ ልኬልሻለሁ።

ዶክተርን ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። አንቺንም ጉልበትሽን አበርትቶ ለልጆችሽ ያቆይልን።

ጃንጥላውን ያመጣው
ፍሰሐ