ገንዳው ጠበል አይደለም

ደምለው፣

ሮብ ገበያ ከተማ ወፍጮ ተበላሽቶ ልጠግን ተጠርቻለሁ፤ ዓርብ እመለሳለሁ።

አንተ የምትጠብቀው የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ሰው የሚነዝረው ጠበል ሆኖ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ነው። መሰላሉን፣ የብረት አጥሩንና የውሃ ፓምፑን አያይዞ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ልብስ ማስጫ ብናጣ። አንተም ሸሚዝህን ስታሰጣበት ከየት መጣ አላልክም።

ልብስህን አውርድ፤ ስመጣ ሽቦውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። እስከዚያ የፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ይዤዋለሁ። በሚስማር እንዳትተካው!

«ሰይጣን ሲለቅ ነው የሚያስጮኸው» እያልክ በሽተኛ ስታሰልፍ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። የአክስትህ ጉልበት ከዳነ ተመስገን፤ ሁለተኛ ግን ማንም እንዳይገባ።

ፊውዙን ከመንቀሌ በፊት፣ እያወቅሁ፣ እኔም አንዴ ገባ ብዬ ነበር።

ያ የወገቤ ውጋት ለቀቀኝ።

ለሰው እንዳትናገር።

ሙነወር